ገብሴ፣ ከለቅሶ፣ ከአራስና ከሰርግ በታች

ሐሙስ፣ ወርኃ ጥር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መቀሌ። አንድ ጎልማሳ ጋዜጠኛ ግማሽ ኬሻ የተቆላ ገብስ ተሸክሞ በቁሓ መንገድ ዳር ወደሚገኝ ወፍጮ ቤት ገባ። እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ ገብሱ አልተፈጨም። ጋዜጠኛው እኔ ነኝ።

ዜናው ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አለቆቼ «ዝርዝሩን ቁረጠው» ሲሉኝ ስለኖርኩ፣ አለቃ በሌለበት እንደ ልቤ ልዘርዝር።

ገብሱ ተራ ገብስ አይደለም። የባለቤቴ የትርሐስ አባት፣ አቦይ ሐጎስ፣ ዓዲግራት አጠገብ ከራሳቸው ማሳ ያጨዱት ነው። አክስቷ ቆልታና ፈትጋ በሰው ላከችልን፤ የደረሰን ረቡዕ ማታ ነው። እኔና ትርሐስ የተጋባነው ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ አባቷ ስለ ሰርጉ የሰሙት ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል። እሳቸው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ያልመረቅኩት ቤት እህል አልቀምስም።» ከዚያ ወዲህ መቀሌ በመጡ ቁጥር በራችን ላይ ቆመው የልጃቸውን ግንባር ስመው፣ ለእኔ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ይሄዳሉ።

ያን ሐሙስ ለዓይን ሕክምና ሊመጡ ነበር። ትርሐስ ማታውኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዕቅዷን ነገረችኝ።

«አባቴ ሥጋ ብሰጠው እምቢ ይላል። እንጀራ ብሰጠው እምቢ ይላል። በገዛ ገብሱ የተሠራ ጥሕሎ ፊቱ ላይ ብዘረጋለት ግን እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። አንተ አስፈጭተህ እስከ ስድስት ተኩል አምጣልኝ። ወጡ የኔ ነው።»

ጥሕሎን ለማያውቅ፦ ከተቆላ ገብስ ዱቄት ተለውሶ፣ በእጅ እየተድቦለቦለ፣ ሁለት ጣት ባላት ቀጭን እንጨት እየተወጋ፣ ወጥ ውስጥ እየተነከረ የሚበላ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብልኝ እንጨቷ የጥርስ መጎርጎሪያ መስላኝ ወደ ኪሴ ከትቻታለሁ። ይህን የምናገረው በዚያ ቤት ያለኝ ማዕረግ ምን ያህል ዝቅ ያለ እንደሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ሦስት ወፍጮ አለው። አንዱ የበርበሬና የሽሮ ነው፤ እሱን ተዉት፣ ያስነጥሳል እንጂ ታሪካችን ውስጥ አይገባም። ሁለቱ ጤፍም ስንዴም ገብስም ይፈጫሉ። በእነዚህ ፊት ሁለት ሰልፍ ተዘርግቷል። በውስጠኛው ወፍጮ ፊት ያለው ሰልፍ ግቢውን ተሻግሮ አስፋልት ሊነካ ምንም አልቀረው። በበሩ አጠገብ ባለው ወፍጮ ፊት ግን ከአምስት ሰው አይበልጥም ነበር።

ረጅሙንና አጭሩን ሰልፍ ያነጻጸርኩ ብልህ እኔ ብቻ መስዬ ታየሁኝ። በአጭሩ ቆምኩ። ከጎኔ በረጅሙ ሰልፍ ውስጥ የቆመ መነጽራም ሰው በአዘኔታ አየኝ።

«ለከተማው አዲስ ነህ?» አለኝ።

«ኧረ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ለወፍጮ ቤቱስ?»

መልስ ሳልሰጥ የመጀመሪያው ባለ ጉዳይ ደረሰ። ጥቁር የለበሰ ሰው ስንዴ ተሸክሞ በበሩ ገባ፤ ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደ ወፍጮው ሄደ። ሰልፈኛው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለ። እኔም አልኩ። ለቅሶ ቤት ወረፋ አይጠብቅም፤ ይህንን ደሴም እናውቃለን። ጥቂት ቆይቶ አንዲት እናት «ልጄ ተገላገለች! ለጋዓት ነው!» እያለች ገባች፤ ጋዓት የአራስ ገንፎ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷም አለፈች። ከዚያ ሰርግ መጣ። ሰርጉ ደግሞ ጥር ስለሆነ ደጋግሞ መጣ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በበሩ የሚገባ ባለ ጉዳይ ሁሉ በቅርብ ወዳገኘው ወፍጮ ይሄዳል። በቅርብ ያለው የኔ ወፍጮ ነው። ሰልፌ አጭር የሆነው ፈጣን ስለሆነ አልነበረም፤ የአገሩ ሰው እዚያ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

መነጽራሙ ሰው መምህር በረከት ይባላል፤ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፣ እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ያስተምራል። ምን እንደሚያስተምር ስጠይቀው ጤፉን ወደፊት በእግሩ ገፋ አድርጎ «ወረፋ» አለኝ።

«ወረፋ ትምህርት አለው?»

«አለው። ፈተናም አለው።»

«እስቲ እንግዲህ፣ እኔ መቼ ነው የምፈጨው?»

ፊቱ በራ። ሠላሳ ዓመት በሙያዬ ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄአለሁ፤ በጥያቄዬ እንደዚህ የተደሰተ ሰው ግን አላየሁም።

«ወፍጮው ከአንድ በላይ፣ የሰዉም ማዕረግ ከአንድ በላይ ሲሆን ቁርጥ ያለውን መልስ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው» አለ። «ስለዚህ እናጠጋጋለን።»

«በኔ ሥራ ማጠጋጋት ኃጢአት ነው።»

«በኔ ደመወዝ ነው። ስማኝ። አንተ የመጨረሻው ማዕረግ ነህ፣ አይደል? ለቅሶ፣ አራስ፣ ሰርግ፣ ከዚያ አንተ። እነሱ እርስ በርሳቸው ማን ማንን ይቅደም የሚለው የነሱ ጣጣ ነው፤ አንተን አይመለከትህም። ከአንተ በላይ ያለውን ሁሉ ደምረህ አንድ ሰው አድርገው። ያ አንድ ሰው ዘወር ባለ ጊዜ ትፈጫለህ።»

«ዘወር ባይልስ?»

«አትፈጭማ! ይሄኛው እንኳ ግምት አይደለም።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት ሴቶች እኩል በበሩ ገቡ፤ ሁለቱም ነጭ ለብሰዋል፣ ሁለቱም «ሰርግ!» ይላሉ። ማን ይቅደም በሚል ኬሻ ለኬሻ ተገፋፉ። ባለ ወፍጮው ተክላይ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ረጅም ሰው፣ ግራ ገባው። እኔ በሙያዬ ማጣራት ልማዴ ነውና ጣልቃ ገባሁ።

«የማን ሰርግ ነው?» አልኩ አንደኛዋን።

«የእህቴ ልጅ የአልማዝ፣ እሑድ።»

«የርስዎስ?» አልኩ ሌላዋን።

«የወንድሜ ልጅ፣ እሑድ።»

«ማንን ነው የሚያገባው?»

ሴትዮዋ ጎረቤቷን በጎን እያየች «አልማዝን» አለች።

በሙያችን አንድን ነገር ሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች ካረጋገጡት እውነት ነው። እዚህ ሁለት የሚጠላሉ ምንጮች አንድ ሰርግ አረጋገጡልኝ። «አንድ ሰርግ፣ አንድ ተራ!» ብዬ ፈረድኩ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። አደይ ለምለም የሚባሉ፣ ከኋላዬ በርጩማ ይዘው የተሰለፉ እናት «ጽቡቕ፣ ወደይ! መልካም ፈረድክ፣ ልጄ፤ ከእንግዲህ ዳኛው አንተ ነህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በበሩ የገባ ሁሉ ወደ እኔ ይመራ ጀመር። አንዱ «ለቅሶ ነው» ሲል «ሟች ማን ናቸው? መቼ ዐረፉ?» እላለሁ። «ገና አላረፉም፣ ግን ታመዋል» አለኝ። ወደ ኋላ መለስኩት። ጥርስ ያወጣ ልጅ ይዛ «አራስ ነኝ» ያለችም ነበረች። ከለቅሶ፣ ከአራስና ከሰርግ ሌላ አዲስ ማዕረግ የለም ብዬም ፈረድኩ። እንዲህ ያለ የተከበረ ሹመት ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሩ ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱንም አደይ ለምለም በርጩማቸውን ለቀቁልኝ።

በመጨረሻ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ተራዬ ደረሰ። ተክላይ ገብሴን ቋቱ ውስጥ ገለበጠ። ወፍጮው ድምፁን ለወጠ። ደስታዬን ለመግለጽ ወደ መምህር በረከት ዞር ስል፣ በበሩ አንድ ሽማግሌ ስንዴ አሸክመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ማጣራት አላስፈለገም። ሰውዬው ያለቅሱ ነበር።

ተክላይ አየኝ። ሰልፈኛው አየኝ። እኔም ራሴን በውስጤ አየሁና «ያሳልፏቸው» አልኩ።

ተክላይ ወፍጮውን አቆመና ገብሴን ከቋቱ በእጁ እየዛቀ ወደ ኬሻዬ መለሰ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል ነው የተለቀመልኝ። መምህር በረከት ግን በደስታ ብዛት መነጽሩን አወለቀ።

«አቋርጦ የሚቀድም ማዕረግ! አየኸው? የተጀመረውን አስቁሞ የሚገባ! እኔ እኮ በሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር የማውቀው!»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

የሽማግሌው ስንዴ አልቆ የኔ ገብስ ዳግመኛ ሊገለበጥ ሲል መብራት ሄደ።

ሦስቱም ወፍጮዎች እያቃሰቱ ዝም አሉ። በዝምታው ውስጥ የኔ ስልክ ጮኸ። ትርሐስ ናት።

«አባቴ ውቅሮን አለፈ። ፈጨህ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ጋዜጠኛ ሆነህ አታናግረኝ። ፈጨህ ወይስ አልፈጨህም?»

«ከቁጥጥሬ ውጭ በሆኑ ምክንያቶች…»

ስልኩ ተዘጋ። አደይ ለምለም ሁሉንም ሰምተዋል። በመብራት መጥፋት የሚወራ ሌላ ነገር ስላልነበረ የአማቴን ነገር ከሥሩ አወጡብኝ፤ እሳቸውም ለአጠገባቸው፣ አጠገባቸው ያለው ለኋላው አስተላለፈ። ወሬው ከሰልፉ ጫፍ ሲደርስ አቦይ ሐጎስ ሽጉጥ ይዘው እየመጡ ነበር።

አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል በበሩ ላይ ባለ ጉዳዮች ተጠራቅመዋል፤ ሁለት ለቅሶ፣ አንድ አራስ፣ ስንት እንደሆነ ያላጣራሁት ሰርግ። መብራት ቢመጣ ሁሉም በኔ ወፍጮ ላይ ሊወርዱ ነው። መምህር በረከትን በጥግ ይዤ «አንድ ነገር በለኝ» አልኩት።

«ስህተቱ ሁለቱ ሰልፎች ናቸው» አለ። «አንድ አድርጋቸው። አንድ ሰልፍ፣ ባዶ ወደሆነው ወፍጮ የሚሄድ። ባለ ማዕረጎች እንደ ልማዱ ይቅደሙ፣ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ወፍጮ ብቻ ይያዙ። ሌላው ለተራው ሰው ክፍት ይሁን። የገባም አይቋረጥ።»

በርጩማው ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። ጉምጉምታ ተነሣ።

«ሐዘንተኛ ይጠብቅ ነው የምትለው?» አሉ አደይ ለምለም፤ ድምፃቸው ውስጥ እግዚአብሔርም ሰፈሩም ነበሩ።

«አይጠብቅም፣ አደይ። ሁለት ሐዘንተኛ አንድ ላይ ሲመጣ ብቻ ሁለተኛው የአንድ ኬሻ ያህል ይታገሣል።»

አሰቡ። «ልክ ነህ» አሉ፤ «ሟች እንደሆነ አይቸኩልም።»

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ግን ከረጅሙ ሰልፍ ውስጥ አንዲት ድምፀ ጎርናና ሴት «አታ ጋዜጠኛ!» ብላ ጮኸች። «በሁለቱ ሰልፍ መጋጠሚያ ፊት የቆምከው አንተ ነህ። ሕጉን ያወጣኸው ለገዛ ገብስህ ነው!»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጥቅም ግጭት የሚል ቃል እየጻፍኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደሜ ፈላ። ኬሻዬን አነሣሁና ግቢውን ሁሉ ተሻግሬ፣ አንድ በሆነው ሰልፍ መጨረሻ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር አስቀመጥኩት።

አደይ ለምለም እየሮጡ መጡ። «አብደሃል? አማትህን ረሳህ? ሂድና ዕርቅ ነው በል! ዕርቅ ከሰርግ ይበልጣል፤ ሰርግ እኮ ይፈርሳል!»

«አዲስ ማዕረግ የለም ብዬ የፈረድኩት እኔው ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ በክብርህ ላይ ወጥ ጨምረህ ለአማትህ አብላቸው!»

መምህር በረከት ጤፉን ትቶ አጠገቤ መጣ። አስፋልቱን፣ ሰልፉን፣ በሩን እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «መብራት አሁን ከመጣ» አለ፤ «ሁለቱን ወፍጮ እንደ አንድ ፈጣን ወፍጮ ቆጥሬ፣ ከአንተ በላይ ያለውን ሁሉ ደምሬ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ትፈጫለህ። ትንሽ ሊያልፍ፣ ትንሽ ሊጎድል ይችላል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ግምት ነው አልኩህ እኮ!»

መብራት መጣ።

የሆነውን ባላየው ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ጠዋት አንድ ርምጃ ለመራመድ ሐዘንተኛና ሙሽራ ስንጠብቅ የነበርን ሰዎች ኬሻችንን በእግራችን እየገፋን እንደ ንግሥ ሰልፍ መጓዝ ጀመርን። በሩ አጠገብ ያለው ወፍጮ ለቅሶውን ሲፈጭ የውስጠኛው ጤፍ ይፈጫል፤ አራሷ ስትወጣ ሁለቱም ለእኛ ይሆናሉ። ሰርጎቹ ተራ በተራ ገቡ። የአልማዝና የሙሽራው አክስቶች ሁለተኛ ኬሻ ይዘው ተመልሰው ነበር፤ ሁለቱም ወጥተው ሲሄዱ አንድ ባጃጅ ተጋሩ።

መሐል ላይ አንዲት ሚኒባስ ከቁሓ በኩል መጥታ በአስፋልቱ አለፈች። በመስኮቷ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ወደ ፊት ለፊት እያዩ ተቀምጠዋል። አቦይ ሐጎስ ናቸው። እኔን አላዩኝም፤ ለዓይን ሕክምና የመጡ መሆናቸው ያን ጊዜ ብቻ ጠቀመኝ።

ድምፀ ጎርናናዋ ሴት ጤፏን ተሸክማ ስትወጣ ከፊቴ ቆመች። ይቅርታ የምትል መስሎኝ ተዘጋጀሁ። «ፍጠን እንጂ፣ አማትህ አልፈዋል አሉ!» አለችኝ።

ከፊቴ የነበረው የመጨረሻ ሰው በውስጠኛው ወፍጮ እያስፈጨ ሳለ በበሩ ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች። ከሰልፈኛው ሳይሄዱ የቀሩት ሁሉ፣ አደይ ለምለምና መምህር በረከት ጭምር፣ ዱቄታቸውን ታቅፈው ውጤቱን ለማየት ቆመው ነበር። ሴትዮዋ ወደ በሩ ወፍጮ ሄደች። የውስጠኛው ባዶ ሆነ። ተክላይ ወደ እኔ በእጁ ጠቀሰ። ቋቱን በእፍኝ ገብሴ አጥቦ ጥሎ የቀረውን ገለበጠው። ማንም አላቋረጠውም። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ወረደ፤ የተቆላ ገብስ ሽታ በርበሬውን አሸንፎ ቤቱን ሞላው። አደይ ለምለም እልልታቸውን ለቀቁት፤ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ለአራሷ ከተባለው ይበልጥ ነበር።

መምህር በረከት ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ላይ ያዘው። ስድስት ሰዓት ከሃያ።

«አምስት ደቂቃ!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አዝሏል። «በአምስት ደቂቃ ብቻ!»

አቅፌ ሳምኩት። ሁለታችንም ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ፈጪ መሰልን። ተክላይ ከሳምንት በኋላ ስሄድ በግድግዳው ላይ ሕጉን በከሰል ጽፎ አገኘሁት፤ እስካሁን አልተፋቀም። ይህ ግን የዚያን ቀን ዜና አይደለም።

ባጃጇ ቤቴ በር ላይ ስታወርደኝ በሩ ክፍት ነበር። በትርሐስ ልመና የገቡት አቦይ ሐጎስ ሳሎን ውስጥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው፣ ልሄድ ነው በሚል አቀማመጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የቀረበው ውሃ አልተነካም። ትርሐስ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ብቻ ለመነችኝ። እኔ ከጸጉሬ እስከ ጫማዬ ነጭ ነኝ።

«ይህ ማነው?» አሉ አቦይ ሐጎስ።

«ባለቤቴ ነው፣ አቦይ።»

«ጋዜጠኛ ነው አላልሽም ነበር?»

«ጋዜጠኛ ነኝ፣ አቦይ» አልኩ። «ዛሬ ከለቅሶ፣ ከአራስና ከሰርግ በታች ተሰልፌ ነው የዋልኩት።»

«ዕርቅ ነው ብትል ያሳልፉህ ነበር እኮ» አሉ።

«እሱን እርስዎ ሳያረጋግጡልኝ መናገር አልቻልኩም።»

አቦይ ሐጎስ ኬሻውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። «ገብሱ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

እጃቸውን ሰደው ከዱቄቱ ቆንጠር አደረጉ፤ አሸተቱት፣ ምላሳቸው ላይ አኖሩት። ረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁና ለትርሐስ ሰጧት። ትርሐስ ካፖርቱን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት እንዳቀፈችው ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

ሰባት ሰዓት ሲል ጥሕሎው ቀረበ። አቦይ ሐጎስ ተነሥተው ቆሙና ቤቱን መረቁ። ቀጥሎ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ የመጀመሪያዋን ጥሕሎ በእንጨቷ ወግተው ወጡ ውስጥ ነከሯትና እኔን አጎረሱኝ።